የካሪም አብዱል-ጀባርን ስካይ ሁክ እንዴት እንለማመድ

ስካይ ሁክ ለቀለበቱ ጎን ሰጥቶ፣ በአንድ የተዘረጋ ክንድ ከራስ በላይ የሚለቀቅ የቅርጫት ኳስ ምት ነው። የካሪምን ምት ተከላካዮች ለምን ማገድ እንዳቃታቸው ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚሰጠው መልስ «እሱ እኮ 2 ሜትር ከ18 ነው» የሚል ነው። ቁመቱ ልክ ነው፤ መልሱ ግን አይበቃም። ካሪም አብዱል-ጀባር በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ በቆየባቸው 20 የውድድር ዘመናት እሱን የሚያህሉ፣ አንዳንዴም የሚበልጡት ሴንተሮች (ከቀለበቱ አጠገብ የሚጫወቱ ረጃጅም ተጫዋቾች) ገጥመውታል። ኤፕሪል 5 ቀን 1984 ላስ ቬጋስ ላይ የዊልት ቻምበርሌይንን የ31,419 ነጥብ ክብረ ወሰን ሲያልፍ የዩታ ጃዙ ማርክ ኢተን ነበር ፊቱ የቆመው። ኢተን 2 ሜትር ከ24 ነው። የቡድን ጓደኛው ማጂክ ጆንሰን አቀበለው፣ ካሪም ዞረ፣ ኳሷ ከኢተን እጅ በላይ አልፋ ገባች። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የምቱ ጉልበት ያለው ስፋት ላይ ነው። ተከላካዩ በአንድ ወገን፣ ኳሷ በሌላው ወገን፣ በመሃል ደግሞ የአጥቂው ሁለት ትከሻና የተዘረጋ ክንድ። ተከላካዩ ኳሷን ለመንካት ያንን ርቀት ተሻግሮ ወደ ላይም መዝለል ይኖርበታል፤ እስኪደርስ ኳሷ ሄዳለች። ስለዚህ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ተጫዋችም ይህን ምት ቢማር ከሚበልጠው ሰው ጋር ሲገጥም ይጠቅመዋል። እግር ሳይስተካከል፣ ትከሻ ሳይዞር፣ በእጅ ብቻ መወርወር ግን አያዋጣም። አብዛኛው ጀማሪ የሚነሳው ከእጅ ነው። እዚህ ከእግር እንነሳለን።

ምቱ ከየት መጣ

በ1947 ኒው ዮርክ ውስጥ የተወለደው ልጅ ስሙ ሉዊስ አልሲንዶር ነበር፤ ካሪም አብዱል-ጀባር የሚለውን ስም በይፋ መጠቀም የጀመረው በ1971 ነው። ሁክን የጀመረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ በሚካን ልምምድ ነው። ልምምዱ ስሙን ያገኘው ከሚኒያፖሊስ ሌከርሱ ሴንተር ከጆርጅ ሚካን ሲሆን ዝርዝሩን ከታች ታገኙታላችሁ። በዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ በአሰልጣኝ ጆን ዉደን ሥር በተጫወተባቸው ሦስት ዓመታት ቡድኑ 88 ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው 2 ብቻ ነው፤ የ1967፣ የ1968 እና የ1969 ዋንጫዎችንም ወሰደ። ከመጀመሪያው ዋንጫ በኋላ የኮሌጆቹ ውድድር ዳንክን (ዘሎ ኳሷን ከላይ በእጅ ቀለበቱ ውስጥ መክተትን) ከለከለ፤ ክልከላው እስከ 1976 ቆየ። ብዙዎች ሕጉ የወጣው እሱን ለመግታት ነው ይላሉ። እሱ ግን ከቀለበቱ ሥር በጉልበት መጨረስ ሲከለከል ሁኩን ከሁለት ሜትር፣ ከሦስት ሜትር፣ ከዚያም አልፎ ማስገባትን ለመደ። «ስካይ ሁክ» የሚለውን ስም ያወጣው የሚልዋኪ ባክስን ጨዋታዎች በሬዲዮ ያስተላልፍ የነበረው ኤዲ ዱሴት ነው።

ስድስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ስድስት ዋንጫ አነሳ፤ አንዱን በ1971 ከሚልዋኪ፣ አምስቱን ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር። 38,387 ነጥብ አስቆጠረ፤ ሌብሮን ጄምስ በፌብሩዋሪ 2023 እስኪያልፈው ድረስም ወደ 39 ዓመት ገደማ አንደኛ ሆኖ ቆየ። ለሚለማመድ ሰው ግን ከሁሉ የሚያስተምረው ሌላ ቁጥር ነው። በጨዋታ ላይ ካስገባቸው 15,837 ምቶች መካከል የሦስት ነጥብ ምት 1 ብቻ ነው። ከሞከራቸው ምቶች 55.9 በመቶው ገብተዋል። ሜዳውን የለቀቀው በ1989፣ በ42 ዓመቱ ነው። አንድ ምት በደንብ ከተያዘ ጉልበት ሲቀንስ አብሮ አይጠፋም።

ኳስ፣ ቀለበት፣ ቦታ

ቀለበቱ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ላይ መሆኑን በሜትር ለኩ። የትምህርት ቤት ቀለበት ብዙ ጊዜ ዘንበል ብሎ ወይም ወርዶ ነው የሚገኘው፤ በተጣመመ ቀለበት የተለማመዳችሁት ምት ሌላ ሜዳ ላይ ያሳጣችኋል። አዋቂ ወንዶች 7 ቁጥር ኳስ ይያዙ፤ ዙሪያዋ ከ75 ሳንቲሜትር ትንሽ በለጥ ይላል፣ ክብደቷ 600 ግራም ገደማ ነው። ሴቶች 6 ቁጥር፣ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች 5 ቁጥር ኳስና 2 ሜትር ከ60 ቀለበት ይጠቀሙ። ልጅ በ7 ቁጥር ኳስ ሁክ ከጀመረ እጁ ስለማይበቃው ኳሷን በመዳፉ መሸከም ይለምዳል፤ ያንን ልማድ ማስተው ምቱን እንደ አዲስ ከማስተማር ይብሳል።

ለቀኝ እጅ ተጫዋች መነሻው፣ ቀለበቱን ፊት ለፊት ስታዩ በስተግራ ያለው ሎው ፖስት (ከቀለበቱ ጎን፣ ቅርብ ያለው መቆሚያ) ነው። ከሦስት ሰከንድ ክልል (ከቀለበቱ ፊት ያለው፣ አጥቂ ከሦስት ሰከንድ በላይ የማይቆይበት ክልል) መስመር ውጭ ቁሙና ጀርባችሁን ለቀለበቱ ስጡ። አሁን የግራ ትከሻችሁ ወደ ክልሉ መሃል ያመለክታል። በዚያ ትከሻ በኩል ስትዞሩ ቀኝ እጃችሁ ከቀለበቱም ከተከላካዩም የራቀው እጅ ይሆናል። በስተቀኝ ካለው ፖስት ከሆነ ያው መዞር ወደ ቤዝላይን (ከቀለበቱ ጀርባ ወዳለው የሜዳው መጨረሻ መስመር) ይወስዳችኋል። ግራኞች ሁሉንም ይገልብጡት።

እግር

ኳሷን ስትቀበሉ በሁለቱም እግር እኩል ውረዱ። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው ግማሹን ጀማሪ በትራቭሊንግ (ኳስ ይዞ ከተፈቀደው በላይ በመራመድ) የሚያስቀጣው። በሁለት እግር እኩል ካረፋችሁ የትኛውንም እግር ፒቮት (መሬት ላይ ቆይቶ የምትዞሩበት እግር) ማድረግ ትችላላችሁ፤ በግራ እግር ስትራመዱ ቀኙ ፒቮት ይሆናል ማለት ነው። ግራው ቀድሞ ካረፈ ግን ፒቮታችሁ ግራው ነው፤ እሱን አንስታችሁ መልሳችሁ ስታሳርፉ ዳኛው ይነፋል። ግራው ቀድሞ ከወረደ ምቱን አትሞክሩ፤ ኳሷን መልሳችሁ አውጡና እንደገና ጠይቁ።

ከዚያ በግራ እግር አንድ ሙሉ እርምጃ ወደ ክልሉ መሃል። የእግሩ ጣቶች ወደ ተቃራኒው የጎን መስመር ያመልክቱ እንጂ ወደ ቀለበቱ አይዙሩ። ጣቶቹ ወደ ቀለበቱ ከዞሩ ዳሌ ይከተላል፣ ዳሌ ሲዞር ደረት ይከፈታል፣ ደረት ሲከፈት ኳሷና ተከላካዩ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በእኛ ግምት ከተበላሹ ሁኮች አብዛኞቹ የተበላሹት እዚህ፣ ኳሷ ገና ደረት ላይ እያለች ነው።

እርምጃው ሲያርፍ የግራ ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ። ቀኝ ጉልበት እስከ ዳሌ ቁመት ይነሳ፣ በግራ እግር ብቻ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ ዝለሉ። ፒቮት የነበረው ቀኝ እግር ከመሬት ተነስቷል፤ ኳሷ ከእጅ ሳትወጣ ተመልሶ መሬት እንዳይነካ። የቀኝ ጉልበት መነሳት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ከፍታ ይሰጣል፣ የቀኝ ትከሻንም ወደ ላይ ይገፋል። ጉልበቱን ረስታችሁ ብትዘሉ ትከሻችሁ እኩል ይቀርና ኳሷ በ20 ሳንቲሜትር ዝቅ ብላ የምትወጣ ያህል ይከብዳችኋል።

ከማንጠር በኋላ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ አንጥሩ፤ ማንጠሩን ስትጀምሩ፣ ኳሷ ከእጅ ስትወጣ ሁለቱም እግር መሬት ላይ ይሁን። ኳሷን ሰብስባችሁ ቀኝ፣ ግራ፣ ዝላይ። የቀኝ እጅ ሌይአፕ (እየሮጡ ተጠግተው በአንድ እጅ የሚያስገቡት ምት) እርምጃ ነው፤ የሚለየው ሰውነታችሁ ለቀለበቱ ጎኑን መስጠቱ ብቻ ነው። ሁለተኛ ማንጠር ስትጨምሩ የጎረቤት ተከላካይ ይደርስባችኋል፤ ሦስት ሰከንዱም ይቆጠራል።

ዓይንና እጅ

ከትከሻ በፊት ጭንቅላት ይዙር። ግራ እግር አየር ላይ እያለ ዓይናችሁ በግራ ትከሻ በላይ ቀለበቱን ማግኘት አለበት። ካሪምን በቀስታ በሚሄድ ቪዲዮ ብታዩት፣ ኳሷ ገና ከአገጭ በታች እያለች ዓይኑ ቀለበቱ ላይ ነው። ኳሷ ከላይ ከደረሰች በኋላ ቀለበት የሚፈልግ ሰው በግምት ይወረውራል።

ኳሷን ከደረት በቀኝ ጎን ይዛችሁ ነው የምታወጧት። ወደ ወገብ ዝቅ አድርጎ ማወዛወዝ ለአጫጭር ጠባቂዎች ስጦታ ነው፤ ከጎን መጥተው ይነጥቋችኋል። በፊታችሁ አሻግራችሁም አታውጧት። ሁለት እጅ እስከ ግንባር አብሯት ይሂድ፤ እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው። ከግንባር በላይ የግራ እጅ ይለቅና ክርኑ ታጥፎ በእናንተና በተከላካዩ መካከል ይቀራል። የታጠፈ ይሁን። ክንዱን ዘርግታችሁ ከገፋችሁ ወይም ተከላካዩን ካቀፋችሁት የአጥቂ ፋውል ነው፤ ዳኞችም ሁክ ሲያዩ መጀመሪያ የሚመለከቱት ያንን እጅ ነው።

ቀኝ ክንድ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ የላይኛው ክንድ ጆሮን ሊነካ ምንም አይቀረው። ኳሷ በጣቶች ላይ ትቀመጥ፣ በመዳፉና በኳሷ መካከል ብርሃን ይታይ። ዝላዩ ጫፍ ላይ ሲደርስ የእጅ አንጓ ወደ ቀለበቱ ይሰበርና ኳሷ በመሃልና በጠቋሚ ጣት ትወጣለች። የምቱ ጉልበት ከእግርና ከአንጓ ነው። ክንዱን እንደ ወንጭፍ ማሽከርከር የድሮው ሁክ ነው፤ ርቀት ይሰጣል እንጂ ትክክል አይሆንም።

ሰሌዳውን መጠቀም የምትፈልጉት ከአንድ ሜትር ተኩል በታች፣ ከጎን ስትሆኑ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ በቀጥታ ወደ ቀለበቱ።

የሚካን ልምምድ

ከቀለበቱ ሥር ቁሙ። በግራ እግር ተራምዳችሁ በቀኝ እጅ ሁክ፣ ኳሷ በሰሌዳው ላይ የተሳለው አራት ማዕዘን የላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ትምታ። መረቡን አልፋ መሬት ሳትነካ ያዟት፣ ከአገጭ በታች ሳታወርዷት ወዲያው በቀኝ እግር ተራምዳችሁ በግራ እጅ፣ በግራው ጥግ። ያለ ማቋረጥ ይቀጥላል። መጀመሪያ 10 እስኪገባ ያለ ሰዓት ሥሩ። እግሩ ሲስተካከል 30 ሰከንድ ቁጠሩ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 15 ማስገባት ለክለብ ተጫዋች ጥሩ ግብ ነው። ኳሷ ወደ ደረት እየወረደች ከሆነ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ምክንያቱም የልምምዱ ዋና ጥቅም ነጥቡ ሳይሆን ክንዶች ከፍ ብለው መቆየትን መልመዳቸው ነው። ግራ እጅን መዝለል የተለመደ ስንፍና ነው፤ ዋጋው ትንሽ ቆይቶ ይመጣል።

የሳምንቱ ሥራ

በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሚካን በኋላ ጎናችሁን ለቀለበቱ ሰጥታችሁ፣ እግር ሳታንቀሳቅሱ፣ ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ 50 ምት። ኳስ ሳትይዙም እርምጃውን 20 ጊዜ ደጋግሙት፤ አሰልቺ ነው፣ ግን እግር የሚማረው እንዲህ ነው። ከአሥር ሰባት ማስገባት ስትጀምሩ እርምጃውንና ዝላዩን ጨምሩ። እንደገና ከአሥር ሰባት ሲሆን ግማሽ ሜትር ራቁ። ርቀቱን በትዕግሥት አሳድጉ፤ ሦስት ሜትር ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው።

ቀጥሎ አንድ ሰው መጥረጊያ ይዞ ይቁም። እንጨቱን ከራሱ በላይ ቀጥ አድርጎ ከፊታችሁ እንጂ ከላያችሁ አይያዝ፣ እናንተን መምታትም የለበትም። ሥራው ኳሷ በአየር ላይ የምትሠራውን ቀስት ከፍ ማስደረግ ነው። ኳሷ መጥረጊያውን ከነካች ሁለት ምክንያት ብቻ ነው የሚኖረው፤ ወይ ደረታችሁ ተከፍቷል፣ ወይ ኳሷን ከጫፍ በፊት ወደ ፊት ገፍታችኋል።

ከቤት ውጭ የምትለማመዱ ከሆነ ነፋሱን አስቡበት። ከፍ ያለ ቀስት ያለው ኳስ በነፋስ በቀላሉ ይወሰዳል፤ ጠዋት ቀድሞ መሥራት ይሻላል።

ሲስቱ ምን ማለት ነው

ኳሷ ከፍ ብላ ሳትደርስ ከወደቀች ቶሎ ለቃችኋታል፤ ክንዱ ገና ከጎን ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ከእጅ የወጣች ኳስ ወደ ላይ እንጂ ወደ ቀለበቱ አትሄድም። ዝቅ ብላ ሄዳ የኋላውን ጠርዝ ወይም ሰሌዳውን ከመታች ዘግይታችኋል፣ ክንዱ ከራስ በላይ ካለው ነጥብ አልፏል። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የምትስት ከሆነ እጃችሁን አትመርምሩ፤ የግራ ትከሻችሁ ወዴት ያመለክት እንደነበር ጓደኛችሁን ጠይቁ፤ ኳሷ የምትሄደው ትከሻው ወዳመለከተበት ነው። በጎን እየተሽከረከረች ከወጣች ደግሞ ወይ የግራ እጅ ዘግይቶ ለቋታል፣ ወይ በመዳፍ ተይዛለች።

በልምምድ እየገባ በጨዋታ የማይገባ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የቆማችሁበት ቦታ ነው። ተከላካዩ በጀርባችሁ ገፍቶ ከፖስቱ አንድ ሜትር አርቋችሁ ይሆናል፣ እናንተ ግን ከለመዳችሁት ርቀት የምትወረውሩ መስሏችኋል። ኳሷን ከመጠየቃችሁ በፊት ቦታውን በእግር ያዙ፤ ጉልበት ታጥፎ፣ እግር ከትከሻ ሰፋ ብሎ።

ተከላካዩ ሲያውቅባችሁ

ሁለት ሁክ ካስገባችሁ ተከላካዩ በግራ ትከሻችሁ ላይ ይደገፋል። ያኔ ወደ ግራ ለመዞር በጭንቅላትና በትከሻ ብቻ አሳዩትና በቀኝ እግር ወደ ኋላ ሰፊ እርምጃ ወስዳችሁ በሌላው በኩል ዙሩ፤ መጨረሻው በግራ እጅ ነው። የሚካን ግራ እጅ ዕዳ የሚከፈለው እዚህ ነው። ሁለተኛ ሰው ከመጣ ኳሷን ከአገጭ በላይ እንደያዛችሁ የመጣውን ሰው ቦታ ተመልከቱ፤ የተተወው ጓደኛችሁ እዚያ ነው። ካሪም 5,660 አሲስት (ለጎል የበቃ ማቀበል) አለው፤ አብዛኛው ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ይገረማል።

ዓይናችሁን ጠብቁ። በ1968 ጃንዋሪ በጨዋታ ላይ የካሪም የዓይን ብሌን ተቧጥጦ ነበር፤ ከቀናት በኋላ ሂዩስተን ላይ ዩሲኤልኤ 71 ለ69 ሲሸነፍ ከ18 ሙከራ ያስገባው 4 ብቻ ነው፤ የቡድኑ 47 ተከታታይ ድልም እዚያ ቆመ። በኋላ የእሱ መለያ የሆነው መነጽር የመጣው ከእንዲህ ያለ ጉዳት ነው። ፖስት ላይ የሚጫወት ሰው የማይሰበር የፕላስቲክ ሌንስ ያለው የስፖርት መነጽር ቢያደርግ አይበዛበትም፤ ተራ የንባብ መነጽር ግን አደጋ ነው።

ሰውነቱን የጠበቀው በዮጋ ነው፤ ለእናንተም በቀን አሥር ደቂቃ የዳሌና የቁርጭምጭሚት ማፍታታት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ገመድ ዝላይ በአንድ እግር (በየእግሩ 50) ጥሩ መነሻ ነው። በአንድ እግር ዘሎ በሚዛን ማረፍ ያልቻለ ሰው ኳሷን ከመልቀቁ በፊት ሰውነቱ ያዘነብላል።

የትኛውን ጨዋታ እንይ

በመጀመሪያ የ1974 ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ፣ ቦስተን ላይ። ሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት ሊያልቅ 3 ሰከንድ ገደማ ሲቀረው ከቀኝ ቤዝላይን የመታት ሁክ ሚልዋኪን 102 ለ101 አሸናፊ አደረገች (ሰባተኛውን ጨዋታና ዋንጫውን ግን ቦስተን ወሰደ)። ሦስት ጊዜ እዩት፤ አንዴ እግሩን ብቻ፣ አንዴ ዓይኑን ብቻ፣ አንዴ የግራ ክንዱን ብቻ። ሙሉውን በአንዴ ለማየት የሚሞክር ሰው ኳሷን ሲከተል ያልቅበታል።

ቀጥሎ የ1985 ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ። በመጀመሪያው ጨዋታ ሌከርስ 148 ለ114 ተዋርዶ፣ የ38 ዓመቱ ካሪም 12 ነጥብና 3 ሪባውንድ (ሳትገባ የተመለሰች ኳስን መያዝ) ብቻ ነበረው። በሁለተኛው 30 ነጥብ፣ 17 ሪባውንድ፣ 8 አሲስት። በመጨረሻም የፍጻሜው ምርጥ ተባለ። እዚህ የምትፈልጉት ኳሷን ከመቀበሉ በፊት ፖስቱን እንዴት እንደሚይዝ ነው።

ከ1 ሜትር ከ90 በታች የሆናችሁ ግን ከሁሉ በላይ የ1987 ፍጻሜ አራተኛ ጨዋታን እዩ። ካሪም ሁለተኛውን የቅጣት ምት ስቶ ኳሷ ለሌከርስ ስትመለስ፣ ማጂክ ጆንሰን ክልሉን እያቋረጠ በኬቪን ማክሄልና በሮበርት ፓሪሽ እጆች በላይ ከካሪም የተማረውን ሁክ ላካት፤ 107 ለ106። ራሱ ማጂክ «ትንሿ ስካይ ሁክ» ነበር ያላት። ቀኝ ጉልበቱ የካሪምን ያህል አይነሳም፣ ኳሷም ረጅም ጉዞ አትሄድም፤ በማንጠር ፍጥነት ላይ ሆኖ፣ ተከላካዮቹ ገና ሳይዘሉ ነው የሚለቃት። በዚህኛው መጀመር ለምትፈልጉ፣ ከቅጣት ምት መስመሩ የግራ ጫፍ ተነሱ፣ አንድ ጊዜ አንጥራችሁ ክልሉን አቋርጡ፣ ቀኝ፣ ግራ ብላችሁ ከቀለበቱ ሁለት ሜትር ላይ ልቀቁ፤ በቀን 30 ጊዜ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ተከላካይ።